የአንጀት ባክቴሪያና ክብደት፦ ፋይበር፣ እርጎ፣ እንክብል ወይስ ምርመራ?

"አልበላም፣ ግን እወፍራለሁ" የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። ድሮ "ኧረ ትበላለህ!" ተብሎ ይታለፍ ነበር። አሁን ሌላ መልስ መጥቷል፦ "ባክቴሪያህ ነው።" ከመልሱ ጀርባ ደግሞ ገበያው ደርቷል። ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም በሕይወት ያለ ባክቴሪያ የያዘ እንክብል አለ። የፋይበር ዱቄት አለ፤ ፋይበር ማለት ሰውነታችን ሊፈጨው የማይችለው የእህልና የአትክልት ክፍል ነው። በጠርሙስ የታሸገ የተብላላ መጠጥ አለ። የሰገራ ናሙና ልካችሁ "የአንጀት ውጤት" የሚመጣላችሁ ምርመራም አለ። የሁሉም ማስታወቂያ ያው ነው፦ አንጀታችሁን አስተካክሉ፣ ክብደቱ በራሱ ይወርዳል።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። የአንጀት ባክቴሪያ በክብደት ላይ እጁ አለበት፤ ግን የሚወራለትን ያህል አይደለም። ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ ደግሞ አዲስ ባክቴሪያ ከመግዛት ይልቅ ያሉትን በደንብ ማብላት ያዋጣል። ለምን እንዲህ እንደምል አማራጮቹን አንድ በአንድ እያነጻጸርን እንየው።

ወሬው ከየት ተነሳ

በ2004 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ጎርደን ቡድን አንድ ሙከራ አደረገ። ከተወለዱ ጀምሮ አንድም ጀርም ያልነካቸው አይጦች ነበሩት። ከሌሎች አይጦች አንጀት የተወሰደ ባክቴሪያ ሰጣቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሰውነታቸው ስብ 60 በመቶ ገደማ ጨመረ። የሚገርመው፣ የበሉት ከበፊቱ ያነሰ ነበር።

በ2013 ያው ቡድን የባሰ አስገራሚ ውጤት ይዞ መጣ። አንዷ ወፍራም አንዷ ቀጭን የሆኑ መንትዮች ተፈለጉ። ባክቴሪያቸው ተወስዶ ለአይጦች ተሰጠ። የወፍራሟን የተቀበሉት ስብ አጠራቀሙ፤ የቀጭኗን የተቀበሉት አላጠራቀሙም። ከዚያ ሁለቱን ዓይነት አይጦች አንድ ላይ አኖሯቸው። አይጥ የጓደኛዋን ሰገራ ትበላለች፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ስለዚህ ባክቴሪያው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይሻገራል። የቀጭኗ ባክቴሪያ ተሻግሮ የሌላዋን መወፈር ገታው።

ይህኛውን ታሪክ ብዙ ሻጮች ያወሩታል። ቀጣዩን ግን አያወሩትም። ባክቴሪያው ተሻግሮ የሠራው አይጦቹ ስብ ያነሰበትና ፋይበር የበዛበት ምግብ ሲበሉ ብቻ ነው። ስቡ በዝቶ ፋይበሩ ሲያንስ መልካሙ ባክቴሪያ መግቢያ አጣ። እንግዲህ እንክብል ስትገዙ ይህን አስቡ፦ ባክቴሪያውን ማስገባት ሳይሆን ማኖር ነው ከባዱ።

ወደ ሰው ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ቀዘቀዘ። በ2006 በ12 ወፍራም ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ፈርሚኪዩትስ የተባሉት ባክቴሪያዎች ባክቴሮይዴትስ ከተባሉት አንጻር ሲበዙ ውፍረት እንደሚታይ ጠቁሞ ነበር። ነገሩ ቀላልና ለማስታወስ የሚመች ስለነበር በየቦታው ተሰራጨ። በኋላ የብዙ ጥናቶች መረጃ አንድ ላይ ሲታይ ግን ይህ ሚዛን ወፍራሙን ከቀጭኑ የሚለይ ሆኖ አልተገኘም። ዛሬም ቢሆን በዚህ ሚዛን "ለውፍረት የተጋለጡ ነዎት" የሚል ውጤት የሚሰጥ ምርመራ ካጋጠማችሁ እንቅልፍ አትጡ።

አንድ ማንኪያ ምስር

ምርጫው ቀላል የሚሆነው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ሲገባን ነው። አንድ ማንኪያ ምስር በላችሁ እንበል። አብዛኛው ስታርችና ፕሮቲን ትንሹ አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ደም ይገባል። ፋይበሩን ግን የእኛ ኢንዛይም አይችለውም። ከሰዓታት በኋላ እንዳለ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። ባክቴሪያዎቹ የሚጠብቁት እዚያ ነው። 38 ትሪሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ በ2016 የወጣ ስሌት ይገምታል፤ ሁሉም ተሰብስበው ቢመዘኑ ግን 200 ግራም ቢሆኑ ነው።

ፋይበሩን አብላልተው ጋዝ ያወጣሉ። አጫጭር የስብ አሲዶችም ይሠራሉ፤ ዋናዎቹ አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቢዩቲሬት ናቸው። ቢዩቲሬት የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋነኛ ምግብ ነው። አሲዶቹ ጂኤልፒ-1 የተባለው የጥጋብ ሆርሞን እንዲለቀቅም ይገፋፋሉ። አዎ፣ የክብደት መቀነሻ መርፌዎቹ የሚያስመስሉት ያው ጂኤልፒ-1 ነው። ነገር ግን ሰውነታችን የሚሠራው በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል፤ መርፌው ደግሞ ለቀናት እንዲቆይ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ አንድን ምግብ ወይም ዱቄት ከመርፌዎቹ በአንዱ ስም "ተፈጥሯዊ ኦዜምፒክ" የሚላችሁን ሰው እለፉት።

ፋይበሩ ሲጠፋስ? ባክቴሪያው ጾሙን አያድርም። በአይጦች ላይ እንደታየው፣ አንዳንዶቹ የአንጀትን ግድግዳ የሚሸፍነውን ንፍጥ መብላት ይጀምራሉ።

ይህ ሁሉ በኪሎ ሲመነዘር ስንት ነው? በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ጥሩ መልስ ይሰጣል። 17 ሰዎች ሁለት ዓይነት አመጋገብ በየተራ በሉ። አንዱ በፋብሪካ የተቀነባበረና ፋይበር ያነሰው ነው። ሌላው በፋይበርና ባልተፈጨ እህል የተሞላ፣ ብዙው ምግብ ትልቁ አንጀት ድረስ እንዲዘልቅ የታሰበ ነው። የገባውም የወጣውም ተለካ። በሁለተኛው አመጋገብ ወቅት በቀን በአማካይ 116 ካሎሪ ተጨማሪ በሰገራ ወጣ። ረሃባቸውም አልጨመረም። 116 ካሎሪ ከአንድ መካከለኛ ሙዝ ብዙም አይርቅም። በየቀኑ ከሆነ ትንሽ አይደለም፤ ተአምር ግን አይደለም። ከሰው ሰውም ይለያያል።

ፋይበር ወይስ የተብላላ ምግብ?

አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ይህንን ነው፣ እኔም ብዙ የምቆየው እዚህ ላይ ነው።

በ2021 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 36 ጤነኛ ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ለ10 ሳምንት ተከታተሉ። አንደኛው ቡድን የፋይበር መጠኑን በቀን ከ22 ግራም አካባቢ ወደ 45 አሳደገ። ሁለተኛው በቀን ስድስት ጊዜ ያህል የተብላላ ምግብ መውሰድ ያዘ፦ እርጎ፣ ከፊር (የተብላላ ወተት)፣ ኪምቺ (የተብላላ ጎመን)፣ ኮምቡቻ (የተብላላ ሻይ)፣ የተብላላ የአትክልት ጭማቂ። ብዙዎች ፋይበሩ ያሸንፋል ብለው ይጠብቁ ነበር። ያሸነፈው ግን የተብላላው ነው። የባክቴሪያው ዓይነት በዛ፤ ከብግነት ጋር የተያያዙ 19 ፕሮቲኖች በደም ውስጥ ቀነሱ። በፋይበሩ ቡድን የባክቴሪያው ዓይነት በአማካይ አልጨመረም።

ታዲያ እርጎ ይሻላል ማለት ነው? አይቸኮል። አንደኛ፣ ጥናቱ የክብደት ጥናት አልነበረም። ሁለተኛ፣ 10 ሳምንት ለፋይበር አጭር ሊሆን ይችላል፤ ፋይበር የሚፈጭ ባክቴሪያ ከመጀመሪያው ከሌላችሁ ማን ያብላላዋል? በጥናቱም ሲጀምሩ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የነበራቸው ሰዎች ፋይበሩ የተሻለ ጠቅሟቸዋል።

የክብደቱን ነገር ካነሳን ሚዛኑ ወደ ፋይበር ያደላል። ፋይበር ያለው ምግብ ማኘክ ይጠይቃል፣ ሆድ ይሞላል፣ ቶሎ አያስርብም፤ ከፋይበሩ የሚገኘው ካሎሪም በግራም ሁለት ገደማ ነው፣ የስኳር ግማሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም ይመክራል፤ ከምግብ የሚገኘውን ማለቱ ነው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ወደ 15 ግራም ይሰጣችኋል። አንድ ፖም ከነልጣጩ 4 ገደማ። አንድ ቁራጭ ነጭ ዳቦ ግን 1 ግራም አካባቢ ነው። በነጭ ዳቦ 25 ለመሙላት የሚነሳ ሰው ካለ በርታ በሉልኝ።

እርጎም በክብደት በኩል ባዶ እጁን አይደለም። በ2011 የታተመ፣ ከ120 ሺህ በላይ አሜሪካውያንን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት እርጎ አዘውትረው የሚበሉት በየአራት ዓመቱ ከሌላው ያነሰ እንደሚጨምሩ አሳይቷል። ልዩነቱ ግን በአንድ ተጨማሪ የቀን ድርሻ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ደግሞም እርጎ የሚበላ ሰው ሌላም ሌላም ጥሩ ልማድ ሊኖረው ይችላል።

የተብላላ ምግብ ስትመርጡ ሦስት ወጥመዶች አሉ። ጣፋጭ እርጎ አንዱ ነው፤ ጽሑፉን አንብቡት፣ ስኳሩ ከለስላሳ መጠጥ ብዙም የማያንስ አለ። ሁለተኛው፣ ከተብላላ በኋላ በሙቀት የታከመ ምርት ነው፤ ባክቴሪያው አልቋል። ሦስተኛው በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ አትክልት ነው። ይኮመጥጣል እንጂ አልተብላላም።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያዙ ብትሉኝ፣ ለክብደት ፋይበሩን እይዛለሁ። ደግነቱ ማንም አንዱን ብቻ ያዙ አላለም። ባቄላውም እርጎውም አንድ ገበታ ላይ ይስማማሉ።

የፋይበር ዱቄቱስ?

"ምስር መቀቀል ማን ጊዜ አለው፣ ዱቄቱን በውኃ በጥብጬ ልጠጣ" የሚል ሰው አይጠፋም። ዱቄት ሁሉ አንድ አይደለም። ኢኑሊን ባክቴሪያው በደንብ የሚያብላላው ነው፤ ስለዚህ ባክቴሪያ ያበላል፣ ጋዝም ያበዛል። ሲሊየም ደግሞ እምብዛም አይብላላም፤ ውኃ ይዞ እንደ ጄል ይሆናል፤ ለሆድ ድርቀትና ለኮሌስትሮል ጥሩ ነው። ማለትም ባክቴሪያ ለማብላት ኢኑሊን፣ ሰገራ ለማለስለስ ሲሊየም።

ለክብደት ግን ዱቄቱ ምግቡን አይተካም። በ2019 አሜሪካዊው ተመራማሪ ኬቪን ሆል የመራው ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። 20 ሰዎች ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተደረገ። የቀረበው ስኳር፣ ስብና ፋይበር በመጠን እኩል ነበር። የተቀነባበረው ምግብ ፋይበሩ ስለሚያንሰው መጠጡ ላይ ዱቄት ተጨምሮበት ነው እኩል የሆነው። እንዲያም ሆኖ ሰዎቹ በተቀነባበረው ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አብዝተው በሉ፤ አንድ ኪሎ ያህልም ጨመሩ። ያልተቀነባበረውን ሲበሉ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ዱቄቱ እዚያው ነበር፤ አላዳናቸውም።

እንክብሉን ስናዞረው

የፕሮባዮቲክ ጠርሙስ አንሱና ጀርባውን አንብቡ። የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው። የባክቴሪያው ሙሉ ስም እስከ መጨረሻው መለያው፤ ለምሳሌ "ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ" ብቻ ሳይሆን "ጂጂ" የሚለው ጭምር። ምክንያቱም አንዱ ዘር የሚሠራውን የቅርብ ዘመዱ ላይሠራ ይችላል። ሁለተኛ፣ በሕይወት ያለው ቁጥር እስከ መጠቀሚያው ማብቂያ ቀን ነው ወይስ በተመረተበት ቀን? "በምርት ጊዜ" ካለ መደርደሪያ ላይ ስንቱ እንደሞተ አታውቁም። ሦስተኛ፣ የት ይቀመጥ ይላል? ፍሪጅ የሚፈልግ ሆኖ ፀሐይ ላይ የዋለ ከሆነ የሞተ ባክቴሪያ እየገዛችሁ ነው።

ሁሉ ቢሟላስ? በተለያዩ ሙከራዎች ድምር ፕሮባዮቲክ የሚቀንሰው ክብደት በአማካይ አንድ ኪሎ አይሞላም። ብዙ ተስፋ የተጣለበት አከርማንሲያ ሙሲኒፊላ የተባለው ባክቴሪያ ነው። በ2019 በታተመና 32 ሰዎች በጨረሱት የሦስት ወር ሙከራ፣ ባክቴሪያውን በሙቀት ተገድሎ የወሰዱት ለኢንሱሊን ያላቸው ምላሽ ተሻሻለ። ክብደታቸው ላይ ግን ልዩነቱ እርግጠኛ የሚያደርግ አልነበረም። አዎ፣ በሕይወት ካለው ይልቅ የተሻለ የሠራው የተገደለው ባክቴሪያ ነው! ይህ ለሳይንሱ አስደሳች ነው፤ ለገዢው ግን ገና ነው።

ሌላም አለ። "አንቲባዮቲክ ከወሰድክ በኋላ ፕሮባዮቲክ ውሰድ" የሚለው ምክር የተለመደ ነው። በ2018 የእስራኤሉ ዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች ሲመለከቱት፣ ከአንቲባዮቲክ በኋላ ፕሮባዮቲክ የወሰዱት ሰዎች የራሳቸው ባክቴሪያ ወደ ቦታው የተመለሰው ዘግይቶ ነው። በሌላ በኩል አንዳንድ ዘሮች ከአንቲባዮቲክ ጋር የሚመጣ ተቅማጥን ይቀንሳሉ። ስለዚህ እንክብል የሚገዛው ለታወቀ ችግር፣ የታወቀ ዘር፣ ለተወሰነ ጊዜ ነው። "ለአንጀት ጤንነት" ወይም "ለክብደት" ተብሎ በደፈናው ከሆነ እኔ አልገዛም። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበርም በ2020 መመሪያው ለአብዛኞቹ የሆድ ችግሮች ፕሮባዮቲክን አልመከረም።

ስብ ይቀነስ ወይስ ካርቦሃይድሬት?

ይህ ክርክር አያልቅም። በ2018 የታተመ የስታንፎርድ ጥናት 609 ሰዎችን ለአንድ ዓመት አነጻጸረ። ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ቀነሱ። ልዩነቱ ትርጉም የለውም። ለሁለቱም ቡድን የተሰጠው ምክር አንድ ነበር፦ አትክልት አብዙ፣ ስኳርና የተጣራ ዱቄት ቀንሱ፣ ያልተቀነባበረ ብሉ። ስለዚህ የምትዘልቁበትን ምረጡ።

ለባክቴሪያው ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ካርቦሃይድሬት ቀነስኩ ብሎ ባቄላውንም አጃውንም ፍራፍሬውንም ጠርጎ ሥጋና ቅቤ ብቻ የሚበላ ሰው ባክቴሪያውን ያስርባል። በ2014 በታተመ ጥናት የእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ የበሉ ሰዎች የአንጀት ባክቴሪያ በቀናት ውስጥ ተቀይሯል። የተለመደውን ሲበሉ በዚያው ፍጥነት ተመልሷል። "አንጀቴን በሦስት ቀን አጸዳሁ" ለሚሉ ሰዎችም መልሱ እዚሁ አለ፤ በሦስት ቀን የመጣ በሦስት ቀን ይሄዳል።

ስኳርን በሰው ሠራሽ ማጣፈጫ መተካት? የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2023 ለክብደት ቁጥጥር አልመከረውም። በ2022 በ120 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ሳካሪንና ሱክራሎዝ የደም ስኳር ምላሽን ቀይረዋል፤ አስፓርታምና ስቴቪያ ግን አልቀየሩም። ለሽግግር እሺ፣ ለዘለቄታው ውኃ።

የሰገራ ምርመራና ንቅለ ተከላ

ምርመራው ውስጣችሁ የትኞቹ ባክቴሪያዎች እንዳሉ ይነግራችኋል። "ጤናማ" የሚባለው ስብስብ ምን እንደሆነ ግን ሳይንሱ ራሱ ስምምነት ላይ አልደረሰም። ውጤቱ ከመጣ በኋላ የሚሰጣችሁ ምክር ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል "ፋይበር ጨምሩ" ነው። እሱን እኔም በነጻ ነግሬያችኋለሁ።

ከጤነኛ ሰው ሰገራ ባክቴሪያ ወስዶ መትከል ለአንድ ነገር በእርግጥ ይሠራል፤ ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል በተባለ ባክቴሪያ ለሚመጣና እየደጋገመ ለሚመለስ የአንጀት ኢንፌክሽን። አሜሪካ በ2022 ለዚሁ የሚሆን ምርት ፈቅዳለች። ለውፍረት የተደረጉት ሙከራዎች ግን ክብደት አልቀነሱም። አደጋም አለው፤ በ2019 መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ከለጋሽ ተላልፎ ሰው ሞቷል። በቪዲዮ አይቶ ቤት ውስጥ የሚሞክር እንዳይኖር።

ስትጀምሩ

ፋይበርን በአንድ ቀን አትከምሩት። ከ10 ግራም ወደ 35 የዘለለ ሰው ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋል፤ ከዚያ "ለእኔ አይሆንም" ብሎ ይተወዋል። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ፣ ውኃም ጠጡ። ባቄላውን ዘፍዝፋችሁ የዘፈዘፋችሁበትን ውኃ ብትደፉት ጋዙ ይቀንሳል። ሆዳቸው በቀላሉ የሚታወክ፣ በተለይ የአንጀት መቆጣት ሕመም ያለባቸው፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ኢኑሊን ሊያስቸግራቸው ስለሚችል ከባለሙያ ጋር ቢጀምሩ ይሻላል። የመከላከል አቅማቸው በሕመም ወይም በመድኃኒት የተዳከመ ሰዎች ደግሞ በሕይወት ያለ ባክቴሪያ የያዘ እንክብል ሐኪም ሳይጠይቁ አይውሰዱ።

ውፍረቱ በሽታ ደረጃ ለደረሰበት ሰው "ባክቴሪያህን አስተካክል" ማለት ግን ቀልድ ነው። በ2021 በታተመ ሙከራ ሴማግሉታይድ (ኦዜምፒክ ውስጥ ያለው መድኃኒት) መርፌ የወሰዱት በ68 ሳምንት ከክብደታቸው 15 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል፤ መድኃኒት አልባውን መርፌ የወሰዱት 2.4 በመቶ። ይህን የሚያህል ለውጥ ያመጣ እርጎም እንክብልም የለም። መርፌው የሆድ ድርቀት ሊያመጣ ስለሚችል የሚወስዱትም ሰዎች ውኃና ፋይበር ያስፈልጋቸዋል፤ ምግባቸው ስለሚቀንስ ያችው ትንሿ ሳህን ላይ ምስርና አትክልት ቅድሚያ ይሰጣቸው።